ፊቷ ተሸፍኖ ስሟ በማይክ ስለተለፈፈባት ልጅ

ቀን፦ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አሶሳ

አመልካች፦ ወ/ሮ ነዕማ ዐወድ፣ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ

ጉዳዩ፦ ትምህርት ቤቱ የለጠፈው ቪዲዮ በአስቸኳይ እንዲወርድና የእህቴ ልጅ በሰላም እንድትፈተን ስለመጠየቅ

የተከበሩ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣

1. የልጅቷንም የትምህርት ቤቱንም ስም እዚህ ወረቀት ላይ አልጻፍኩም። ማመልከቻ ከመዝገብ ቤት ተነሥቶ እርስዎ ጠረጴዛ እስኪደርስ ስንት ሰው እንደሚያነበው አውቃለሁ። ሲያስጠሩኝ ቀርቤ ለእርስዎ ብቻ እናገራለሁ። አማርኛው የማመልከቻ ጸሐፊው ነው፤ ንዴቱ የእኔ ነው። "ትንሽ ለስለስ እናድርገው" ቢለኝ እምቢ ብያለሁ።

2. የእህቴ ልጅ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሆሞሻ አካባቢ ሳለች አንድ ሰው ሚስት ላድርጋት ብሎ በጉልበት ወስዷት ፖሊስ ነው ያስጣለልን። ክሱ ገና አላለቀም፤ ሰውዬው ግን በዋስ ወጥቶ እንደ ልቡ ይሄዳል። እኔ ጋ ያመጣኋት የት እንዳለች እንዳያውቅ ነበር። ስትመዘገብ ይህን ሁሉ ለርዕሰ መምህሩ በር ዘግቼ ነገርኳቸው። እሳቸውም፣ "አያስቡ፤ የተማሪ ፊት በራሱ የሚያደበዝዝ ፕሮግራም አስገብተናል። ያለዚያ ምንም አንለጥፍም" አሉኝ። አመንኳቸው።

3. የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ሲያልቅ የሽልማት ቀን ተደረገ። የእህቴ ልጅ አንደኛ ወጣች። ስሟ ከነአባቷ ሲጠራ ግን ሁለት ልጆች ተነሡ፤ እኛ ዘንድ አንድ ስም በየቤቱ ነው፣ የአባትም ስም እንዲሁ። ሰው ሳቀ። መድረኩን የሚመሩት መምህር በቃሉ፣ ስሙ እንዳይምታታ ብለው የአያቷን ስም ጨመሩ። በዚህም አላበቁም፤ "ከሆሞሻ የመጣችው! ገበያው ጋ ጨርቅ የምትሸጠው የነዕማ እህት ልጅ!" አሉ በማይክ። እኛም ሰፈር ውስጥ ስንለያይ እንዲሁ ነው የምንጠራራው። መምህሩ በክፋት አደረጉት አልልም።

4. ጥፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቪዲዮው በፌስቡክና በቴሌግራም ወጣ። ፕሮግራሙ የልጆቹን ፊት በሙሉ አደብዝዟል። የእንግዶቹንም አደብዝዟል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ክብ ሰዓት እንኳ ፊት መስሎት አደብዝዞታል። ድምፁን ግን የነካው የለም። ልጅቷ እስከ አያቷ፣ እስከምታድርበት ቤት ድረስ ተለፍፋ፣ የተደበቀው ሰዓቱ ነው! ከመለጠፉ በፊት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቢያዳምጠው ምን ነበረበት? ማሽን አለን ብለው ጆሯቸውን አሳረፉት።

5. ያ በጉልበት የወሰዳት ሰውዬ ሱቄ ድረስ መጣ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ስሟ የተጠራበትን ቦታ ደጋግሞ አሰማኝ። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ "ማብሩክ፣ ነዕማ። ልጅቱ አንደኛ ወጥቷል" አለኝ፤ እንኳን ደስ አለሽ ማለቱ ነው። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ መጨመርም አላስፈለገውም። በዚያው ዕለት ልጅቷን ከቤቴ አወጣኋት፤ የት እንዳለች ለፖሊስ ብቻ ነው የተናገርኩት። ከዚያ ወዲህ ክፍል አልገባችም።

6. ወደ ርዕሰ መምህሩ ሮጥኩ። "ወይዘሮ ነዕማ፣ ይመልከቱ እንጂ! ፊቷ እኮ አይታይም። ኮምፒውተሩ ሥራውን ሠርቷል" ብለው ስክሪኑን አዞሩልኝ። የሚያሳዩኝ ድምፁን ዘግተው ነው! ይክፈቱት አልኳቸው። ከፈቱት፣ ሰሙት። አሁን ያጠፉታል ብዬ ስጠብቅ፣ ቪዲዮው በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ስለገባ ከበላይ አካል ደብዳቤ ሳይመጣ አላወርድም አሉኝ። ለእሳቸው ሪፖርቱ ከልጅቷ በለጠ። ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ተለጥፏል፤ ሰውም ከሥሩ "እንኳን ደስ አላችሁ" እያለ ይጽፋል። ይህን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

7. ስለዚህ ቪዲዮው ዛሬውኑ ከሁሉም ገጽ እንዲወርድ ትእዛዝ ይስጡልኝ። ከእንግዲህ በየትኛውም ትምህርት ቤት ፊት ማደብዘዝ ብቻውን እንደ ጥበቃ እንዳይቆጠር፣ ስምና አድራሻም ካለበት ሰው አይቶና አዳምጦ ሳያስወጣው እንዳይለጠፍ ይደረግ። ልጅቷም ሰኔ ላይ የሚሰጠውን ፈተና ሌላ ትምህርት ቤት ሆና፣ ስሟ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሳይወጣ እንድትፈተን ይፈቀድላት። እኔንም ስቀርብ ፎቶ አንሥታችሁ "ባለጉዳይ አስተናገድን" ብላችሁ ገጻችሁ ላይ እንዳትለጥፉኝ፤ ፊቴን አደብዝዛችሁም ቢሆን።

8. ባለፈው ሄጄ ሳያት ደብተሯን አልገለጠችውም። አጥኚ እንጂ፣ ፈተናው እኮ ደረሰ አልኳት። "አክስቴ፣ ዝቅ ያለ ውጤት ባመጣ ማንም ስሜን አይጠራም፣ አይደል?" አለችኝ። መልሱን ከእርስዎ ቢሮ እጠብቃለሁ።

ቁጣዬ እንዳለ ሆኖ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ነዕማ ዐወድ