ገዢ የሚሸሸው ጓሮ

ማክሰኞ

ይሄኛውም ጓሮውን አይቶ ሄደ።

እስከ ጓሮው በር ድረስ የእኛ ሰው ነበር። ሳሎኑን ወደደ፣ መኝታ ቤቶቹን ወደደ። ባኞ ቤት ገብቶ ቧንቧውን ከፈተና የጣሪያ ውሃ አጠራቅመን የምንጠቀም መሆናችንን ስነግረው «ጎበዞች ናችሁ» አለ። በፀሐይ የሚሠራውን መብራት አብርቶ አጠፋው፣ እንደገና አበራው። የኩሽናውን ትርፍራፊ ፍግ የምናደርግበትን ጉድጓድ እንኳን ሳይጸየፍ አየልኝ። ከዚያ የጓሮውን በር ከፈትኩለት።

«ይሄ ምንድነው?»

«ዛፍ ነው» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው።

«አይ፣ ማለቴ… አረንጓዴ ቦታ ነው?»

ዋንዛው፣ ጽዱ፣ ቀርከሃው እስከ ወንዙ ድረስ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። ስንት ዓመት የኮራሁበት ነገር ነው። ሰውዬው ግን እባብ እንዳየ ሰው ወደ ኋላ አለ። «እንደዋወላለን» ብሎ ወጣ። በዚህ ከተማ «እንደዋወላለን» ያለ ገዢ ሲደውል አላየሁም።

ወሬው ከጀመረ ወራት ሆኖታል። በወንዝ ዳር አረንጓዴ ያለበት ቦታ ሁሉ ይሰፋል፣ የሚሰፋውም ወደ ቤቶቹ ነው፣ ቤቶቹም ይፈርሳሉ ይባላል። ማን አለ? ሲባል ሰማሁ። አንተስ ከማን ሰማህ? እኔም ሲባል ነው። ወረዳ ሄጄ ጠየቅሁ፤ በትሕትና «የደረሰን ነገር የለም» አሉኝ። ካርታችን ንጹሕ ነው፣ ዛፎቹም ከአጥራችን ውጭ ናቸው። ግን «ነገም ምንም አይመጣም» ብሎ የሚፈርም ሰው የለም። ገዢ ደግሞ የሚፈልገው እሱን ነው።

ግርማ ሳሎን ተቀምጦ ሁሉንም ሰምቷል። ምን አለ ብሎ እንኳን አልጠየቀኝም። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገ።

ረቡዕ

ዛሬ የግርማ ፊዚዮቴራፒ ቀን ነበር። ቀረ።

ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዳ ሰው ነው። ጥቅምት ላይ ስትሮክ መታውና ግራ እግሩ እምቢ አለ። የእኛ ቤት ደግሞ ከቤቴል ዋናው መንገድ ቁልቁል ተወርዶ፣ ኮብልስቶኑ አልቆ ጭቃው የሚጀምርበት ጋ ነው። በበጋ ባጃጅ ይወርዳል። በክረምት ባለባጃጁ ከላይ ሆኖ ይደውልና «እናት፣ እዚህ ድረስ ያምጧቸው» ይለኛል። ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመው ያወጡታል። መጀመሪያ ሰሞን «ንግሥና በስተርጅና» እያለ ያስቃቸው ነበር። አሁን ወንበሩ ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ስለዘነበ ማንንም አልጠራሁም። እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። ሰው ስንት ጊዜ ይለመናል?

እግሩን የምታሠራው ባለሙያ ባለፈው ለብቻዬ ወደ ውጭ ጠርታኝ «ይሄን ክረምት ካቋረጡ እግራቸው እንደዚሁ ነው የሚቀረው፤ በኋላ ብንሞክርም አይታዘዘንም» አለችኝ። ቤቱን የምንሸጠው ለዚህ ነው። ለሌላ አይደለም። ዘነበወርቅ፣ ለሕክምናው ቅርብ፣ ሜዳ ላይ ያለች ደረጃ የሌላት ትንሽ ቤት አግኝተናል። ባለቤቷ ደግ ሴት ናቸው፤ «ትንሽ ልጠብቃችሁ» ብለውናል። ትንሽ ማለት ምን ያህል እንደሆነ አልነገሩኝም። እኔም ፈርቼ አልጠየቅሁም።

ሐሙስ

ደላላው ሞላ ጭቃውን እየረገመ መጣ። ሞላ ልጆቹን አስተምሬለታለሁ፤ እስከ ዛሬ «ቲቸር» ነው የሚለኝ።

«ቲቸር፣ አይቀየሙኝና ቤቱ ምንም አልጎደለውም። ገዢ እያሸሸብን ያለው ጫካው ነው። እሑድ አንድ የመርካቶ ነጋዴ አመጣለሁ። ሴትዮዋ ፈጣን ናት፣ ከወደደች እዚያው ትጨርሳለች። ከቤትዎ ጀርባ ያሉትን ብቻ ያስነሱልኝ። ሜዳ ይሁን። ሜዳ ካየች አለቀ።»

«እነሱ እኮ ዛፍ ብቻ አይደሉም» አልኩት። «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አለ። አያውቅም። የእሱ ሰፈር ሳንሱሲ ነው፣ በምን ያውቃል።

ከቤታችን ጀርባ ድሮ የሰፈሩ ቆሻሻ መድፊያ ነበር። ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምር ስለነበር፣ ጡረታ ስወጣ እድርተኛው የአረንጓዴ ኮሚቴ ሰብሳቢ አደረገኝ። ሥራ ፈት መሰልኳቸው መሰለኝ። ችግኝ ተከልን፣ የሚያጠጣ ጠፋ፣ ደረቀ። እንደገና ተከልን፣ ፍየል በላው። በመጨረሻ አንድ ነገር መጣልን፤ የእድሩ አባል በሞተ ቁጥር ቤተሰቡ በአርባው አንድ ዛፍ ይትከል፣ የተከለውንም ራሱ ያጠጣ። ከዚያ ወዲህ አንድም ችግኝ አልደረቀም። ለሞተ ዘመዱ ውሃ የሚነፍግ ማን አለ?

ስም አልጻፍንባቸውም። ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል። በእኛ ሰፈር «ጋሽ ወልዴ ጠውልገዋል» ቢባል የሚደነግጥ የለም፤ አንዱ ጆግ ውሃ ይዞ ይወርዳል። ጋሽ ወልዴ ብረታ ብረት ነጋዴ ነበሩ፣ እጃቸው ጠበቅ ያለ። በሕይወት ሳሉ ለማንም ጥላ ያልሆኑት ሰውዬ አሁን የሰፈሩን ትልቅ ጥላ ያዙ እያልን እንስቃለን። ባለቤታቸው እትዬ አስካለም አብረውን ይስቃሉ።

ከእኛ ቤት ጀርባ ያሉት፦

ጋሽ ወልዴ፣ ዋንዛ።
የአቶ ደምሴ ታላቅ ወንድም፣ ግራር።
እማማ ብርቄ፣ የግርማ እናት፣ ጽድ። አፈሩን ግርማ ራሱ ነው በመኪናው ጭኖ ያመጣላቸው።

ምሳ ላይ ሞላ ያለውን ለግርማ ነገርኩት። ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ።

«እማዬን?» አለ።

ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰው። ቆይቶ «እትዬ አስካለን ሳትጠይቂ እንዳትነኪ» አለኝ። እሺ ማለቱ ነው። እሺ ይላል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ምን ያህል መሄድ እንደሚፈልግ የገባኝ ያኔ ነው።

አርብ

እትዬ አስካለ ጋ ሄድኩ። እምቢ እንዲሉኝ መንገድ ላይ ጸልያለሁ። እሳቸው እምቢ ካሉ ጥፋቱ የኔ አይሆንም።

ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። ነገሩን ተንተባትቤ ጨረስኩ። እጃቸው አልቆመም።

«ግርማ በእግሩ ይሂድ እንጂ የኔ ልጅ። ወልዴ እንደሆነ አንዴ ሞቷል። አስቆርጪው።»

ጎመኑን ወደ ጎን አደረጉና «ሲቆረጥ ግን እኔ አላይም። በሬን ዘግቼ ነው የምቀመጠው» አሉ። ስወጣ ደግሞ በኋላዬ ጠርተው «እንጨቱን ለማንም ስጪው፤ እኔ እሱን አንድጄ ወጥ አልሠራም» አሉኝ።

ዛፍ ለመቁረጥ ማስፈቀድ ያስፈልጋል እያልኩ ሰውን የምቆጣ እኔ ነበርኩ። አላስፈቀድኩም። ፈቃዱ ለእሑድ አይደርስም።

ከሰዓት አቶ ደምሴ በራችንን አንኳኳ። የእድሩ ዳኛ ነው፣ ግርማን በወንበር ከሚሸከሙትም አንዱ ነው። የወንድሙን ግራር ላስፈቅደው እኔ ልሄድ ስዘጋጅ ቀደመኝ።

«የሺ፣ ሰማሁ። የወንድሜን ቁረጪ፣ ለግርማ ከሆነ ግድ የለኝም። ግን አንቺ ሜዳ ካደረግሽ የኔ ቤት ለብቻው ጫካ ታቅፎ ሊቀር ነው። ነገ እኔም ብሸጥ ማን ያየዋል?»

ቤቱን የመሸጥ ሐሳብ የለውም። ልጆቹ ያደጉበት ነው። ግን አትንካ የምልበት ምን አፍ አለኝ? ራሷ ሰብሳቢዋ መጥረቢያ ቀጥራለች።

ቅዳሜ

እኔ የቀጠርኩት አንድ ሰው ነው፣ ለሦስት ዛፍ። እሱ ሲጀምር ከላይ በኩል ሌላ መጥረቢያ ተሰማ። ቀጥሎ ከታች። ከዚያ የት እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

ሰው ሁሉ የየቤቱን ጀርባ ይዞ ተያያዘው። ትናንት ውሃ ሲያጠጣ ያየሁት ሰው ዛሬ ገመድ ይጎትታል። የጎረቤቱ ቤት ቀድሞ ሜዳ እንዳይሆን ይሽቀዳደማል። እናቷን የምትቆርጥ ሴት አየሁ፤ ታለቅሳለች፣ አታቆምም። «በቃ፣ ሌሎቹ ይቅሩ» ልል ወጥቼ ነበር። አንዲት ጎረቤት ቀና ብላ አየችኝ። ተመልሼ ገባሁ።

ጋሽ ወልዴ ብዙ ታገሉ። የእትዬ አስካለ በር እንዳሉት ዝግ ነበር።

ቆራጩ እማማ ብርቄ ጋ ሲደርስ ግርማ «መስኮቱን ዝጊው» አለኝ። ዘጋሁት። መስኮት ድምፅ አይከለክልም። ሲወድቁ የመደርደሪያው ብርጭቆ ተንቀጫቀጨ። ግርማ አማተበና ግራ እጁን በቀኙ ይዞ ተቀመጠ።

ከሰዓት ኩሽና ሆኜ ቀና ስል ወንዙን አየሁት። ለዓመታት ድምፁን ብቻ ነበር የምሰማው። ፌስታል፣ የተቀደደ ፍራሽ፣ የመኪና ጎማ፣ ከላይ ሰፈሮች የሚወርድ ጥቁር ውሃ። ትንሽ ፀሐይ ወጣችና ሽታው ተነሳ። መጀመሪያ ከባኞ ቤት መስሎኝ ክዳኑን ሁሉ ፈተሽኩ። አይደለም። ከጓሮ ነው የሚመጣው፣ ቀጥ ብሎ፣ የሚያስቆመው የለም።

ዛፎቹ ይሄን ይዘውልን እንደነበር ሳይንስ አስተማሪዋ አላሰብኩትም። ማናችንም አላሰብነውም። ቤቱን በበረኪና ሁለት ጊዜ ወለወልኩት። አሁን በረኪናም ወንዝም ይሸታል።

እሑድ

ሴትዮዋ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጣች። ሞላ ከፊት ከፊት እየሮጠ በር ይከፍታል። ሳሎን ስትገባ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ነካ አደረገች። ጨዋ ሴት ናት። ግርማን «እግዚአብሔር ይማርዎት» አለችው። ታንከሩን፣ መብራቱን፣ ጉድጓዱን ለማሳየት ፋታ አልሰጠችኝም፤ የጓሮውን በር ራሷ ከፈተችው።

«ወንዙ እዚህ ድረስ ነው እንዴ?»

«ሜዳ እኮ ነው! ንጹሕ ሜዳ!» አለ ሞላ።

«ሜዳውንማ አየሁት።» ነጠላዋን አሁን ሙሉ በሙሉ አፍንጫዋ ላይ አደረገች። «ልጆች ይዤ እንዴት እዚህ እገባለሁ? አይ፣ ይቅርብኝ።»

ጉቶዎቹን ያየቻቸው አይመስለኝም፤ ቆራጩ ቅርንጫፍ ከምሮባቸዋል። ልትወጣ ስትል ግን ትከሻዬን ያዝ አድርጋ፣ ከልቧ፣ ልትረዳኝ ፈልጋ፣ «እህቴ፣ እዚህ ጋ ዛፍ ነገር ብትተክሉበት እኮ ጥሩ ነበር» አለችኝ።

ሞላ መሬት መሬት አየ። ሁለቱም ወጡ።

ግርማ ሰምቶ ኖሮ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አልሰማሁትም። እኔም ሳላስበው አብሬው ሳቅሁ። ሳቁ ግን አላቆምም አለው፤ ቆይቶ ሳቅ አልነበረም። ፊቱን በነጠላዬ ጠረግኩለትና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ሰኞ

ዘነበወርቅ ያሉት ሴትዮ ጠዋት ደወሉ። ቤቷን ለሌላ ሰው ሰጥተዋል። «ጠበቅኋችሁ እኮ፣ አልተቀየማችሁም አይደል?» አሉኝ። «ምን ያስቀይመናል» አልኳቸው። ድምፄ ደህና ነበር። ስልኩን ዘግቼ ኩሽና ገባሁና ቆምኩ። ምን ልሠራ እንደገባሁ ጠፋኝ።

ሞላ ስልክ አያነሳም። በሰፈሩ ሰውና ሰው ሰላም ሲባባል ዓይን ለዓይን አይተያይም። ሁሉም መስኮቱን ዘግቷል። እትዬ አስካለ በራቸውን ዛሬም አልከፈቱም፤ አንኳኩቼ «ደህና ነኝ» ብለው ከውስጥ መለሱልኝ። ቤታቸው የምገባበት ዓይን አልነበረኝም፤ ባለመክፈታቸው ቀለለኝ፣ በመቅለሉ ደግሞ አፈርኩ።

ለግርማ የዘነበወርቁን ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲህ በቃ። እኔንም ሰውንም አታድክሚ። ከዚህ በኋላ አልወጣም።»

ልከራከረው ፈለግሁ። ግን ይሄን ቤት ከእንግዲህ ማን ይገዛዋል? ክረምቱ ገና ነው፣ ጭቃው ገና ነው። እግሩን ዛሬ ሳሸው ባዕድ ነገር የነካሁ መሰለኝ።

አሥር ሰዓት አካባቢ ካፊያው ሲያባራ «ጓሮ አውጪኝ» አለ። ደግፌ በሩ ጋ አደረስኩት። ሽታው ፊታችንን መታን። እሱ አፍንጫውን አልያዘም። ቅርንጫፉን በዱላው ገፋ ገፋ አደረገና የእናቱን ጉቶ አገኘው። ቀይ ነበር፣ እርጥብ። ብዙ አየው።

«ያቆጠቁጣል?» አለኝ።

ጋሽ ወልዴ ምናልባት ያቆጠቁጡ ይሆናል፤ ዋንዛ ጠንካራ ነው። ጽድ ግን ከሥሩ ከተቆረጠ አለቀለት። ይሄን ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ፣ ለፈተናም አውጥቼዋለሁ።

«ያቆጠቁጣል» አልኩት።

«መቼ?»

«ክረምቱ ሲወጣ።»

ክብደቱ ሁሉ ትከሻዬ ላይ ነበር። ከዚያ ግራ እግሩን ለማንሳት ሞከረ፤ ጫማው መሬቱን ሳብ አደረገና ቆመ።

«በይ እንግዲያው ረቡዕ እነ ደምሴን ጥሪያቸው» አለ። «ወንበሩን ይዘው ይምጡ።»

እሺ አልኩት። ክረምቱ ሲወጣ ምን እንደምለው አላውቅም።