ጠዋት የምቀሰቅሰው

ልጄ ደሴ፣ የደብራችን ታቦት ከፊት ከኋላህ ይቁምልህ፤ የሰው አገር ፊቱን አያጥቁርብህ። እኔና እህትህ እመቤት ደህና ነን።

ዝናቡ ቀደም ብሎ ገብቷል፣ ድንቹም ተተክሏል። የአባትህ ተዝካር ወጥቷል፤ ሰው አላነሰም። እኔ አላለቀስኩም። ጎረቤት ታዝቦኝ ይሆናል፣ እንባው እምቢ አለኝ።

እመቤት ለትምህርቷ ኮምፒውተር ገዛች። የኢንተርኔቱ መስመር ግን የሚገባው ሳሎን ባለው በአባትህ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ስለዚህ ከዳንግላ ባለሙያ ጠርታ፣ ግድግዳውን አስበስታ፣ ሁለቱን በገመድ አገናኘቻቸው። አሁን አባትህ ለተማሪዎቹ ያዘጋጀውን ጽሑፍም ፎቶዎቻችንንም ጓዳ ሆና ታያቸዋለች። የሱ ካልበራ ግን የሷም ኢንተርኔት አያገኝም። እሷ እንቅልፍ ስለምትወድ የማበራው እኔ ነኝ። ጸሎቴን አድርሼ ቁልፉን እጫነዋለሁ። መጀመሪያ ያጉረመርማል፤ አባትህም ከእንቅልፉ ሲነሳ እንዲያ ነበር። ከዚያ «መምህር አሸናፊ» የሚል ይወጣል። አየት አድርጌው ወደ ከብቶቹ እሄዳለሁ።

ብርድ እንዳይመታህ ደረትህን ሸፍን፤ ቁርስ ሳትበላም አትውጣ።

አሮጌው ኮምፒውተር ይረፍ፣ ኢንተርኔቱን ለሁሉም የሚያከፋፍል ዕቃ እልካለሁ ብለሃታል አሉ ለእመቤት። ደግ አስበሃል፤ ተባረክ፣ ዕድሜህን ያርዝመው። ግን ልጄ፣ ለጊዜው አትላከው። እሱ ከመጣ ጠዋት የምቀሰቅሰው የለኝም።

እናትህ ደጊቱ
እንጅባራ