ከዋናው አሰልጣኝ ቀጥሎ ያለው ወንበር

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 18
የቅርጫት ኳስ ልምምድ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ። ከሦስት ነጥብ መስመር የሚገባ ኳስ ጠፍቷል። ሲያልቅ ዋናው አሰልጣኝ ሃችንስ የቅዳሜውን ተጋጣሚ ጥናት ለሌላው ምክትል ለትሬ ሰጠው። ተራው የእኔ ነበር። ምክትል አሰልጣኝ ሆኜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ አምስት ኮሌጅ... እዚህ ኢንዲያና ስድስት ዓመት ሙሉ ከሃችንስ ቀጥሎ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ትሬ ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ።
«አንተ ቅዳሜ ጠዋት ለቡድኑ ገንዘብ ከሚሰጡት ለጋሾች ጋር ቁርስ ትበላለህ» አለኝ ሃችንስ።
«እኔ? ለምን?»
«መብላት ስለምትችል!» ሳቀ። ትሬም ሳቀ። ትሬ ምን አሳቀው?

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 22
ስምንት ሽማግሌ ለጋሾች፣ ፓንኬክ፣ ቋሊማ። የትራክተር ሻጩ ኦርቪል ከክፍል የሚቀር ተጫዋች ምን እንደማደርገው ጠየቀኝ።
«አላሰልፈውም።»
«ኮከብህ ቢሆንስ?»
«እሱን ከሁሉ በፊት።»
እርስ በርስ ተያዩ። ምን አስተያያቸው?
ከሰዓት በስድስት ነጥብ አሸነፍን። ሃችንስ ትሬን አቀፈው።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 27
ባለቤቴ ሎርና ከገበያ ተመለሰች። «የሃችንስን ሚስት አገኘኋት። ባዶ ካርቶን ስትለምን።»
«ስንት?»
«ዋረን! የሰው ካርቶን ትቆጥራለህ እንዴ?»
በእኛ ሥራ ይቆጠራል። ሃችንስ ሊሄድ ነው። ዋና አሰልጣኝ ሲሄድ የሚፈልገውን ምክትል ይዞ ይሄዳል። አዲሱ ደግሞ የራሱን ሰዎች ይዞ ይመጣል። መሐል ላይ የቀረ፣ ቀረ። ማንን ይዞ ይሄድ ይሆን? ብጠይቀውስ? የውድድር ዘመኑ ሳያልቅ አይጠየቅም። ነውር ነው።

እሑድ፣ ማርች 2
ለቬርን ደወልኩ። ድሮ አብረን ምክትል ነበርን፤ አሁን ኦሃዮ ዋና አሰልጣኝ ነው። ሰው ይፈልጋል።
«የውድድር ዘመኑ እንዳለቀ እመጣለሁ። በመሐላችን ይቅር» አልኩት።
«ምን በወጣኝ አወራለሁ!»
ቀለል አለኝ። ከመቀደም መቅደም።

ረቡዕ፣ ማርች 5
ቢሮ ስገባ ትሬ ስልኩን ዘጋ።

ቅዳሜ፣ ማርች 8
በሁለት ነጥብ ተሸንፈን ከውድድሩ ወጣን።

ሰኞ፣ ማርች 10
ሃችንስ አስጠራኝ። የቢሮው ዕቃ ግማሹ ካርቶን ውስጥ ገብቷል።
«እሄዳለሁ። ትሬን ይዤ።»
«አውቄዋለሁ።»
«ምንም አታውቅም!» ጮኸ። «ወንበሬን ለአንተ ነበር የምለምንልህ። ቁርሱ ላይ የላክሁህ፣ ያለ እነሱ ፈቃድ አሰልጣኝ ስለማይቀጠር ሽማግሌዎቹ እንዲያዩህ ነው። ወደውህ ነበር!»
ነበር?
«ትናንት ቬርን ለኮሌጁ ስፖርት ኃላፊ ለኬስለር ደወለላት። ስለ ጠባይህ ሊጠይቅ። ሰው ከመቅጠርህ በፊት አለቃውን አትጠይቅም? አንተስ ስንቴ ደውለሃል?»
መቶ ጊዜ ደውያለሁ። እንዴት ረሳሁት?
«ለምን አልነገርከኝም?»
«የውድድር ዘመኑ እስኪያልቅ ዝም ልል ለኬስለር ቃል ገብቼ ነዋ። ደግሞ አንተ መቼ ጠየቅከኝ?»

ረቡዕ፣ ማርች 12
ወይዘሮ ኬስለር በትሕትና አስቀመጡኝ። «ሽማግሌዎቹ የሚፈሩት ጥሎ የሚሄድ ሰው ነው። ከሌላ ቦታ ሰው እያየን ነው። እስኪመጣ ልጆቹን ያዝልን።»
ቬርን ደግሞ ቦታው ያንተ ነው ብሏል። እስከ ዓርብ መልስ ይፈልጋል።
ከልምምድ በኋላ አምበሉ ጃቫሪ ወደ ኋላ ቀረ። «ኮች፣ አንተም ትሄዳለህ?»
«ማን ጠይቀው አለህ?»
«ማንም። እኔም ልቆይ ወይስ ልሂድ ብዬ ነው።»
ፊቱ ላይ የተደበቀ ነገር ፈለግሁ። ምንም የለም። ልጁ መጠየቁ ብቻ ነው። «አላውቅም» አልኩት።

ዓርብ፣ ማርች 14
ለቬርን አልመጣም አልኩት። ከዚያ የኬስለርን በር አንኳኳሁ።
«ወንበሩን እፈልገዋለሁ። ባትሰጡኝም እስክታባርሩኝ እዚሁ ነኝ።»
መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን ከሦስት ሳምንት በፊት ብትለኝ...»
«አሁንስ?»
«ሌላ ሰው ዛሬ ጠዋት ፈርሟል። ሰኞ ይመጣል። ምክትሎቹን ይዞ።»
አመስግኜ ወጣሁ። ሜዳው ላይ ጃቫሪ ቀድሞኝ ደርሷል። ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ቬርንም፣ ስለ ስልኩም፣ ስለ አዲሱ ሰውም። ከሎርና እንኳ በፊት።
«ታዲያ ዛሬ ማን ነው የሚያሠራን?» አለኝ።
«እኔ።»
«እሺ፣ ኮች» አለና ጫማውን ማሰር ጀመረ።