ገበቴ ውስጥ ስለታጠቡት ቅዱሳን

ነገሌ ቦረና፣ መጋቢት 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ፣ በነገሌና በክብረ መንግሥት መካከል ላለው የወርቅ መቆጣጠሪያ ኬላ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በእኛ አገር ወግ ደግሞ፣ ናጋ፣ ማለትም ሰላም፣ ነዎት? ቤተሰቡ ናጋ? ከብቱ ናጋ? የኬላው የውኃ በርሜልስ ናጋ? በርሜሉን መጠየቄን እንደ ነገረኛነት አይቁጠሩብኝ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ያገኙታል።

የጎረቤቴን የወይዘሮ ቦጋለችን ልጅ ፈቀደን ያውቁታል፤ ባለፈው ሳምንት ከአውቶቡስ ያስወረዱት ያ ቀጭን ባለ መነጽር ነው። የኬሚስትሪ ባለሙያ ሲሆን፣ የመካከለኛው ዘመን ሠዓሊዎች የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲስሉ ቀለሙን ከምን እንደበጠበጡት፣ በምን ሙጫ እንዳጣበቁት ይመረምራል። በሰሜን ያለ አንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ባለፈው ክረምት አንዱ ግድግዳው ተንዶበት፣ ካህናቱ የሥዕሉን ፍርፋሪ ከወለል ለቅመው በስድስት ብልቃጥ ሰጡት። እናቱ ስትታመምበት ሥራውን አንጠልጥሎ መጣና እያስታመመ በክሊኒኩ ማይክሮስኮፕ ሲመረምር ሰነበተ። እኔም ወሬ አያምልጠኝ ብዬ አንድ ቀን አጎንብሼ አይቻለሁ፤ ከጤፍ የማትበልጥ ቅንጣት፣ ከታች ነጭ ልስን፣ በላዩ ቀይ ንድፍ፣ ከሁሉ በላይ የአክሊሉ ቢጫ እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተደራርቦባታል። እናቱ ሲሻላት ቀሪውን በአዲስ አበባ ሊጨርስ ተሳፈረና ከእርስዎ እጅ ገባ። ስለዚህም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ማቅረብ ግድ ሆኖብኛል።

1ኛ. ጠባቂዎ ዋቆ ከሁለቱ ቢጫ ብልቃጦች አንዱን ወደ ፀሐይ አንስቶ «ወርቅ ካልሆነ ታዲያ ምን ያብለጨልጨዋል?» ብሎ ስለጠየቀ ንቃቱን አደንቃለሁ። ፈቀደ «የቅዱሳን አክሊል ነው» ብሎ መመለሱ ግን የእርሱ ጥፋት ነው። «ደግሞ አክሊል ሰረቅህ?» ሲባል የሳቀው አውቶቡስ ሙሉ ሰው ምስክሬ ነው።

2ኛ. ለምርመራው ወደ ላቦራቶሪ መላክ ሳያስፈልግ፣ ወይዘሮ ሸዋርካብሽ የኬላውን ዳቦ የምታቦካበትን ገበቴ እርስዎ ተውሰው፣ እንደ ወርቅ አጣቢ ወግ ቢጫውን በውኃ እያሽከረከሩ ስላጠቡት አመሰግናለሁ። ወርቅ አልተገኘም። ይሁንና ወርቅ ከቀለም በታች ይደበቃል ብለው ቀዩንም፣ ሰማያዊውንም፣ ጥቁሩንም፣ ነጩንም አጠቡት። ፈቀደ ሲለምን ድምፁ እስኪዘጋ ድረስ፣ ስንት መቶ ዓመት ግድግዳ ላይ የቆሙ ቅዱሳን ወደ መንገዱ ዳር ፈሰሱ።

3ኛ. አምስቱ ታጥበው የበርሜሉ ውኃ አለቀ። ስድስተኛው፣ ሁለተኛው ቢጫ፣ በውኃ እጦት ተረፈ። እርስዎም «ዝናብ ሲጥል ይታጠባል» ብለው ሳጥንዎ ውስጥ ቆለፉበት።

ጓድ ኃላፊ፣ ከዚህ በኋላ ቁጥሩም ቀልዱም አልመጣልኝም። የዚያ ቤተ ክርስቲያን ሌላው ግድግዳ፣ በዚያው ሠዓሊ እጅ የተሣለው፣ አሁንም ቆሟል። ጠጋኞቹ ከፋሲካ በኋላ ጥላሸቱን በውኃ ሊያጥቡት ነው። ፈቀደ እንደሚፈራው ሙጫው ከቆዳ የተቀቀለ ከሆነ፣ ውኃው ሲነካው ሥዕሉ ከነዓይኑ ይወርዳል። ካህናቱ በቆመው ግድግዳ ላይ መርፌ አናስነካም ብለዋል፤ ማስረጃው ያ አንድ ብልቃጥ ብቻ ነው። እርስዎ ቀለሙ በውኃ እንደሚሄድ በገበቴ አረጋግጠዋል እኮ፤ ምን ላድርግ፣ የጥገናው ኮሚቴ የኬላ ገበቴ እንደ ላቦራቶሪ አይቀበልም።

ፈቀደ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእናቱ ቤት አልወጣም። አሁን የምታስታምመው እርሷ ናት። የቦረና ሰው በሙሉ ሰማይ ሰማይ እያየ ዝናብ ሲለምን፣ እኔ አንዷ ኃጢአተኛ ግን በየማለዳው ደመናውን ቆይ፣ ጥቂት ቆይ እለዋለሁ። ከብቱ ይቅር ይበለኝ። እባክዎ ከበርሜሉ በፊት ሳጥኑን ይክፈቱት።

በርሜልዎ እስኪሞላ ቸር ያቆይዎ፤ ቁልፍዎም አይጥፋብዎ እያልሁ፣ የሚሆን ሁሉ ከእጅዎ እንደሆነ አውቄ እጅ እየነሳሁ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
ሚርያም ጉዮ፣ ይህ ደብዳቤ የወጣበት መጽሔት ጸሐፊ

ማስታወሻ፦ ፈቀደ ቢጫው ከተራ አፈር ካልመጣ አርሴኒክ ካለበት ማዕድን የተፈጨ፣ ማለትም መርዝ፣ ነው ብሎ ይጠረጥራል። ያን ዕለትም ሊነግራችሁ ሲሞክር «በወርቁ ሊያስፈራራን ነው» ተባለ። ወሬው በሹፌር እንደደረሳት ሸዋርካብሽ ገበቴውን ጥላዋለች፤ እስከዚያ በእርሱ የተቦካው ዳቦ ግን ተበልቷል። ስለዚህ ከነጠባቂዎችዎ ዛሬውኑ ክሊኒክ ብቅ ይበሉ። ሐኪሙም ምን በላችሁ ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ መልሱ ሳጥንዎ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ መርምሮ ሊነግርዎ የሚችለው ፈቀደም እናቱ ቤት ተኝቷል።