ከጥቅል ወረቀቱ ጀርባ

ጥቅምት 6
ወረቀት የጫነው መኪና ዛሬ ማተሚያ ቤታችን ገባ። እንደ ሁልጊዜው ከኋላ ቆሜ “ና... ና... ትንሽ ወደ ግራ...” እያልኩ ነበር። ሾፌራችንን ጋሼን በሌላው ጊዜ አንቱ ነው የምላቸው፤ መኪና ሲያስገቡ ግን “ና” ነው፣ እሳቸውም ለምደውታል።

ስልኬ ጠራ። እህቴ ናት፣ ክር ግዢልኝ ልትለኝ። ቀና ስል የግቢያችን ግራጫ ድመት ከጎማው ሥር...

ጋሼ ወርደው ራሳቸውን ያዙ። “አላየኋትም! አንቺስ?”
“ዘልላ ገባች ጋሼ... ድንገት ነው።”
ከአፌ አመለጠኝ። አመለጠኝ ወይስ አወጣሁት?

ጥቅምት 7
ጠዋት መጋዘኑን ስከፍት ሲር ሲር የሚል ነገር ሰማሁ። ከጥቅል ወረቀቱ ጀርባ፣ የወረቀት ቁርጥራጭ ላይ፣ ሦስት የድመት ግልገሎች። ዓይናቸው እንኳ አልተገለጠም። እናት ነበረች ለካ...

በካርቶን ይዤ ወደ እንስሳት ሐኪሟ ሮጥኩ። “የላም ወተት እንዳትሰጪያቸው፣ ሆዳቸውን ያበላሸዋል” አለችኝ። ለግልገል የሚሆን የዱቄት ወተት፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ፣ በየሦስት ሰዓቱ። ከጠጡ በኋላ ደግሞ በለብታ ጨርቅ ከሥር ጠረግ ጠረግ፤ ያለዚያ አይሸኑም። “እናታቸው በምላሷ የምትሠራውን ነው አንቺ የምትሠሪው።” ካርቶኑን አቅፌ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ እህቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ “ምንድን ነው እሱ?”
“ለሳምንት ብቻ ነው እትዬ።”
“ወይ እኔ ወይ እነሱ!”

ጥቅምት 9
ካርቶኑን ሥራ ቦታ ይዤ እሄዳለሁ። የማተሚያው ማሽኒስት ስም አወጣላቸው። ጥቁሩ ቀለም፣ ከእጅ አልላቀቅ የሚለው ሙጫ፣ ትንሿ ቁራጭ። ማተሚያ ቤት የተወለደ ሌላ ምን ሊባል ነው? ሳቅን። ዞር ስል ጋሼ በሩ ላይ ቆመዋል።
“ይድናሉ?”
መልሴን ሳይሰሙ ሄዱ።

ጥቅምት 12
ሙጫ አንድ ዓይኑን ገለጠ። አንዱን ብቻ። የሚታዘበኝ ይመስላል።

ጥቅምት 14
ቁራጭ ሞተች። መዳፌ ላይ ነበረች።

ጥቅምት 15
እህቴ የአሮጌ ሹራቧን እጅጌ ቆርጣ ለተረፉት መኝታ ስትሰፋ አገኘኋት። “ብርድ ነው የጎዳት” አለች፣ ቀና ሳትል። ወይ እኔ ወይ እነሱ ያለችው ማን ነበረች?

ጥቅምት 22
የስምሪት ኃላፊው ሻይ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ፦ “ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟል። ዛሬ ድመት ነው፤ ነገ ሰው ቢሆንስ?” ጋሼን ከመኪናው ሊያወርዷቸው ነው።

ዓይናቸው ምን ሆነ? ያላየሁት እኮ እኔ ነኝ! ከመጋዘን ቢሮ፣ ከቢሮ መጋዘን... አራቴ ሄጄ አራቴ ከበሩ ተመለስኩ። ምን ይሉኛል? ከሥራ ቢያባርሩኝስ?

ጥቅምት 23
መቀመጥ አቃተኝ። ወተት ማጠጣቴን ረስቼ ደግሜ አጠጣኋቸው፤ የሙጫ ሆድ ከበሮ አከለ።
“ምን ሆነሻል አንቺ? ከወዲያ ወዲህ ስትዪ አዞርሽኝ እኮ!” አለች እህቴ።
ነገርኳት። ስፌቷን አቆመች።
“እነዚህን ማሳደግሽ ያንን የሚሽርልሽ መስሎሽ ነው?”
አዎ... መስሎኝ ነበር።

ጥቅምት 25
ተናገርኩ። መጀመሪያ ለስምሪት ኃላፊው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ፣ ይስጡኝ። ጋሼም መኪናቸውን አይለቁም።

የከበደኝ ለጋሼ መንገር ነው። መስታወት እየወለወሉ ነበር። “ስልክ ላይ ነበርኩ ጋሼ። ዘልላ አልገባችም” አልኳቸው። ጨርቁን አጠፉት፣ ዘረጉት፣ መልሰው አጠፉት።

“ይኸው ስንት ቀኔ፣ ትንሽ ልጅ በመንገድ ዳር ባየሁ ቁጥር መኪናውን አቁሜ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። የገዛ ዓይኔን ነው የተጠራጠርኩት። ገብቶሻል?”
“ጋሼ...”
“ተይኝ እስቲ።”

ኅዳር 10
ጋሼ ሰላም ስላቸው አይመልሱም። መኪና ሲያስገቡ ከኋላ የሚያቆሙት የጥበቃውን ሰው ነው። እኔ በመጋዘኑ መስኮት አያለሁ።

ግልገሎቹ ምግብ በውሃ አላቁጬ ስሰጣቸው መብላት ጀምረዋል። ከመጋረጃ ላይ አይወርዱም። ማሽኒስቱ “ሁለቱንም ለአማቴ ልውሰድላት” አለኝ። ጥሩ ሴት ናት፣ ሰፊ ግቢ አላት... “ቆይ” አልኩት። ምን እየጠበቅኩ ነው?

ኅዳር 21
ማሽኒስቱ ደግሞ ጠየቀኝ። ደግሜ “ቆይ”።

ታኅሣሥ 6
እሑድ። በር ተንኳኳ። ጋሼ! ክዳን ያለው ቅርጫት ይዘው።

እህቴ ወንበር ሰጥታ ሻይ ልታፈላ ተነሣች። እኔ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ቀለም ሄዶ የጫማቸውን ክር ይጎትት ጀመር። ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

“ገና ነኝ” አሉ።
“ምኑ ጋሼ?”
“ይቅር ለማለት። ገና ነኝ። ይሄን ጥቁሩን ግን እወስደዋለሁ።”

ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚተኛ፣ ለክትባት መቼ እንደሚሄድ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንድ በአንድ እየደገሙ ያዙ። በሩ ላይ ዞር ብለው፦ “ካመመው ግን መጥቼ የምጠይቀው አንቺን ነው።”
“ይምጡ ጋሼ። በማንኛውም ሰዓት።”

ከሄዱ በኋላ ሙጫ ወንድሙን ፍለጋ ወጣ። አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ጀርባ፣ እየጮኸ። እኔም ተከትዬው ስዞር ዋልኩ። ለማሽኒስቱ አማት ይሄኛውን እንደማልሰጣት እዚያው ስዞር ወሰንኩ።

በመጨረሻ ደክሞት እህቴ ጠረጴዛ ላይ ወጣና፣ ለነገ በሚደርሰው የደንበኛ ቀሚስ ላይ ተኛ። እህቴ አየችው፣ እኔን አየችኝ። ሌላ ጨርቅ አንሥታ መስፋት ጀመረች።