እጅህ ካልነደደ አልመታህም

ሃርሎ፣ ሚሲሲፒ
እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ኤፕሪል 28

ላቮን ልጄ፣ የማህፀኔ ፍሬ፣

እንደምን ሰነበትክ? አላስካ በረዶው ለቀቀ ወይስ ገና ነው? ምግብህስ? እኔ ደህና ነኝ። ከጉልበቴ በቀር የሚያመኝ፣ ከምላሴ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም። ከሐሙስ ጀምሮ ስደውልልህ ስልክህ ዝግ ነው። ለምን እንደዘጋኸው አውቃለሁ፤ ጋዜጠኞቹ መድረሻ አሳጥተውህ ነው። ግን እናትንና ጋዜጠኛን በአንድ ቁልፍ መቆለፍ ደግ ነው? ስለዚህ ብዕር አነሳሁ። ነገ ጠዋት በፈጣኑ ፖስታ እልከዋለሁ፤ ረቡዕ እጅህ ይገባል ብለውኛል። የምለምንህ ነገር አለና ልብ ብለህ አንብበው። ጊዜው አጭር ነው።

ሐሙስ ማታ የፉትቦል ቡድኖቹ አዳዲስ ተጫዋቾች ሲመርጡ ታቫሪስን መረጡት። የሉሲንዳ ፔትዌይን ልጅ፣ የፊት ለፊት ጎረቤታችንን፤ ትንሽ ሳለ ትከሻህ ላይ አስቀምጠህ ሰፈሩን የምታዞረውን። በመጀመሪያው ዙር ነው የተጠራው። ቡድኑ ያው ያንተው ቡድን ነው፤ ቦታውም ያንተው ቦታ። መከላከያ መስመር ላይ ቆሞ፣ ከፊቱ ያለውን ግንብ የሚያህል ሰው ገፍቶ፣ ኳስ ወርዋሪውን አሳድዶ የሚጥል ብለው ወሰዱት።

ከተማው በሙሉ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰብስቦ ነበር። ዓሣው ተጠብሶ፣ ትልቁ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ፣ ሕፃናቱ ወንበር ላይ ቆመው። ስሙ ሲጠራ ጣሪያው የሚነሳ መሰለኝ። ሉሲንዳ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። ያቺ ሴት የዶሮ ፋብሪካው ውስጥ ጣቶቿ እስኪጣመሙ ቆማ ያሳደገችው ልጅ ነው።

ከዚያ ከረባት ያሰረው የቴሌቪዥን ሰውዬ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አወጣ። አንዱ ታቫሪስ ነው፤ ሌላው አንተ።

«አትርሱ» አለ፣ «ይህ ቡድን ከዚችው ከተማ፣ ከዚያው ትምህርት ቤት ላቮን ቶሊቨርን መርጦ እጁን አቃጥሏል። ተሰጥዖ ሞልቶት ልብ የጎደለው ልጅ። ጥያቄው፣ ይኸኛውስ ልብ አለው ወይ? ነው።»

ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። ዓሣዬን ማኘኬን ቀጠልኩ። ሰውዬው መለካቱን ቀጠለ፤ የእሱ ክንድ ረዘም ይላል፣ አንተ ከበድ ትል ነበር፣ እሱ ሲነሳ ይፈጥናል፣ አንተ ስትይዝ አትለቅም ነበር። የበግ ገበያ እንጂ የሰው ልጅ ወሬ አይመስልም። ጸጉር አስተካካዩ ሮስኮ ደግሞ ከኋላዬ ሆኖ አላስችል አለው።

«እትዬ ቨርነል፣ ይኸኛው እንኳ እንቅልፍ የሚወድ አይመስልም!»

«ሮስኮ» አልኩት ሳልዞር፣ «አንተ አራት ዓመት ሙሉ የሃርሎን አግዳሚ ወንበር ስታሞቅ ከርመህ ስለ እንቅልፍ ማውራት አያምርብህም።»

ሰው ሳቀ፣ እሱም ሳቀ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ቀጥሎ የመጣውን ነው። ሰውዬው ሁለታችሁ ሜዳ ላይ ሰው ስትመቱ የሚያሳይ ፊልም ጎን ለጎን አሳየ። አንተ በወጣትነትህ፣ እሱ ባለፈው ኅዳር። ሁለታችሁም ወገባችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ግንባራችሁን አስቀድማችሁ፣ እንደሚዋጋ ሙክት ትገባላችሁ። የራስ ቁራችሁ ሲጋጭ ድምፁ አዳራሹን ሞላው። «ሃርሎ የሚያበቅላቸው ልጆች ግንባራቸውን አይሰስቱም!» አለ ሰውዬው፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። እኔ ሳህኔን አስቀመጥኩ። እንደዚያ መምታትን ማን እንዳስተማራችሁ አውቃለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ከሱ ጋር አንድ ትራስ ላይ ነው የተኛሁት።

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ።

ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ለታቫሪስ ምሳ አዘጋጅተን ነበር። ፓስተሩ እጁን ጭኖ ጸለየለት፣ ሽማግሌዎቹ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት፣ ልጃገረዶቹ ፎቶ ተነሱ። እኔ የቀዘቀዘ ሻይ እቀዳ ነበር። ሊስመኝ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ ጉንጬን ሳመኝ። ብርጭቆ ሰጠሁት፣ በቀኙ ተቀበለኝ፤ ከመዳፉ ውስጥ ወጥቶ ወደቀ። ማንም አልነካውም። ጣቶቹ ዝም ብለው ለቀቁት።

«ወይ ቅቤ እጅ!» ብለው ሳቁበት። እሱም ሳቀ። ግን ቀኝ እጁን ወደ ጎኑ ደብቆ ጨብጦ ሲዘረጋ፣ ጨብጦ ሲዘረጋ አየሁት። ላቮን፣ ያንን አጨባበጥ አውቀዋለሁ። የእኔ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ማቀዝቀዣው አጠገብ፣ ሰው ያላየህ ሲመስልህ ታደርገው ነበር።

«ና ይኼን የኬክ ትሪ ያዝልኝ» ብዬ ወደ ጓዳ ወሰድኩትና በሩን ዘጋሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ምኑ፣ እማማ ቨርነል?»

«ታቫሪስ፣ ሽንት ጨርቅህን የቀየርኩ ሴት ነኝ። አትዋሸኝ።»

መሬት መሬት አየ። ያንን ሁሉ ሰውነቱን ይዞ የስድስት ዓመት ልጅ መሰለኝ። «ይመጣል፣ ይሄዳል» አለ። «ከአንገቴ ተነስቶ እስከ ጣቴ እንደ እሳት ይለኛል፤ ከዚያ ይደነዝዛል። ምንም አይደለም። አሰልጣኛችን ኮች ኤመት ይሉን አልነበር? "እጅህ ካልነደደ አልመታህም።"»

አባትህ ከሞተ አራት ዓመት ሆነው፤ ያቺን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ስሰማት ግን ገና አሁን ከደጅ የገባ መሰለኝ። ስንት ጊዜ ነው አንተም ከሜዳ መጥተህ፣ ማንኪያ መያዝ አቅቶህ፣ እሱ በደንብ መትተሃል ለማለት ራስህን እያሻሸ ያቺን ያለህ? በፍቅር ነበር የሚላት። የገዛ አባቱም ለሱ ብሎት ነበር።

«የቡድኑ ሐኪሞች አላዩህም?» አልኩት።

«የጠየቁኝን መለስኩ። ያልጠየቁኝን አልመለስኩም።»

«ልጄ፣ አንገት እኮ ነው። አንገት መለዋወጫ የለውም።»

ያኔ ቀና አለና ዓይኔን አየኝ። አሁን የምጽፍልህ ቃል በቃል ነው፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

«አንገቴን አልፈራም፣ እማማ» አለኝ። «የምፈራው እንደ ላቮን እንዳይሉኝ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልጅዎ ነው። ግን ሲወስዱት ጣሪያው እስኪነሳ ጮኸንለት፣ ሲመልሱት ደግሞ ማሊያውን ነዳጅ ማደያው ጓሮ ሲያቃጥሉት ቆሜ አይቻለሁ። አሞኛል ብዬ አንድ ቀን ቁጭ ብል፣ "ይኸው ሌላው ላቮን" ነው የሚሉኝ። ከዚያ ብሞት ይሻለኛል።»

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። አንተ ያስማልከኝ መሐላ ግን ከለከለኝ። «እንዳይናገሩብኝ» ብሎ እጄን ሳመ፤ ትሪውንም በግራ እጁ ይዞ ወጣ።

ያቺን ቀን አትረሳትም፣ እኔም አልረሳትም። ሆስፒታሉ ውስጥ ሐኪሙ የአንገትህን ፎቶ ብርሃን ላይ ሰቅሎ፣ «ይኼ የትናንት አይደለም፤ ከልጅነት ጀምሮ የተጠራቀመ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ደግሞ በግንባርህ ብትመታ፣ ከአንገትህ በታች ያለው ሁሉ ያከትማል» ሲልህ አጠገብህ ነበርኩ። ሐኪሙ ሲወጣ አላለቀስክም። «እማ፣ አባዬ እንዳይሰማ» ነው ያልከው። ልቡ ታሞ ከአልጋ የተነሳው ያን ሰሞን ነበር። እጄን አንሥተህ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አስማልከኝ። ከዚያ ወዲያ ሜዳ ላይ ከሰው መሸሽ ጀመርክ፣ ቡድኑም «ልብ የለውም» ብሎ ሸኘህ። አንተም ዝም አልክ። ለአሰልጣኞቹም ዝም፣ ለጋዜጣውም ዝም፣ ለሮስኮም ዝም።

ኤመት ሊሞት ሰሞን ሌሊት ሌሊት ይጠይቀኝ ነበር። «ቨርነል፣ ያ ልጅ ምን ጎደለው? የቱ ጋ ነው ያበላሸሁት?» እያለ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ትራሱን አስተካክልለት ነበር። አባትህ ሰነፍ ልጅ አሳደግሁ ብሎ ሞተ። አንተ ደግሞ ልጄን ሰበርኩት ብሎ እንዳይሞት ብለህ ስንፍናውን ተሸከምክለት። ከዚህ የሚበልጥ ልብ የት አለ? ከረባት ያሰረው ሰውዬ በምኑ ይለካዋል?

ግን ልጄ፣ ያልቆጠርነው ነገር ነበር። ኤመት አልሰማምና ማስተማሩን ቀጠለ። አንተ አላስካ ስትገባ ታቫሪስ ያችው ሜዳ ላይ፣ በዚያችው ፊሽካ፣ ግንባሩን ማስቀደም ይማር ነበር። አሁን ደግሞ ያንተ ዝምታ ልጁን አፍ አፉን እየያዘው ነው። ሰነፍ ነበርክ ብሎ ስለሚያምን፣ አንተን ላለመምሰል አንገቱን ሊሰጥ ነው። ሰው ሁሉ ትመሳሰላላችሁ አትመሳሰሉም እያለ ይከራከራል። የምትመሳሰሉበትን እኔና አንተ ብቻ ነን የምናውቀው።

ዓርብ ጠዋት አውሮፕላን ይሳፈራል። ቅዳሜ የአዲሶቹ ልምምድ ይጀመራል፤ እዚያ ያሉት ሁሉ ለቦታ የሚጋደሉ ናቸው፣ የመጀመሪያውን ቀን ማንም አይምርም። እሱም ልብ እንዳለው ሊያሳይ ነው የሚሄደው። በምኑ እንደሚያሳይ ታውቃለህ።

ደውልለት። ስልኩን ከፖስታው ጀርባ ጽፌልሃለሁ። እኔ ብነግረው እናት ሁሉ ትፈራለች ይላል፤ ሉሲንዳ ብትነግረው ደብቆ ይሄዳል። ያንተን ግን ይሰማል። ትከሻህ ላይ ተቀምጦ ያደገ ልጅ ነው፤ የተናደደብህም ስለወደደህ ነው። ምንም አታሳምርለት። ሐኪሙ ያለህን በለው። ሌሊት አንገትህ እንዳያምህ ትራስህን እንደምታጥፍ ንገረው። ሰነፍ እንዳልነበርክ ንገረው፣ ላቮን። አንድ ሰው እንኳ ይስማልህ።

የአባትህን ስም ታስብ ይሆናል። ሜዳው በር ላይ «ኤመት ቶሊቨር ሜዳ» የሚለው ቦርድ ዘንድሮ ቀለም ተቀብቷል። ነገሩ ከወጣ ሰው ያወራል፣ ያወርዱትም ይሆናል። ያውርዱት። ቆርቆሮ ነው። ኤመትን እኔ አውቀዋለሁ፤ ቢሰማ ኖሮ ከመቃብሩ ተነሥቶ ራሱ ይነቅለው ነበር።

እስከ ሐሙስ ማታ እጠብቅሃለሁ። ካልደወልክ ዓርብ ሳይነጋ መንገዱን ተሻግሬ የሉሲንዳን በር አንኳኳለሁ፤ የማልኩትን መጽሐፍ ቅዱስ በእጄ ይዤ እነግራቸዋለሁ። ፈጣሪ የሚፈርድብኝን ይፍረድ። አንተም ብትቀየመኝ ተቀየም። አንድ ልጅ በዝምታ ገበርኩ፤ የሌላ ሰው ልጅ አልጨምርበትም።

ለኔ መልስ አትጻፍልኝ። ሰዎቹ «ለእናቱ እንኳ አንድ መስመር አይጽፍም» ሲሉህ እሰማለሁ፤ እኔ የገና ካርድህን ትራሴ ሥር አድርጌያለሁ። ስምህን ለመጻፍ ስንት ጊዜ እንደጀመርክ ከወረቀቱ ላይ ይታያል። እጅህን አውቃለሁ፣ ልጄ።

እግዚአብሔር በባሕሩም በበረዶውም ይጠብቅህ። አንገትህን ያጽናልህ፣ እንቅልፍ ይስጥህ፣ የሚያምንህ ሰው ይስጥህ። የተሸከምከውን የሚያወርድልህ እሱ ነው፤ አሜን በል።

ከረቡዕ ጀምሮ በረንዳው ላይ እቀመጣለሁ። የፔትዌዮች ግቢ ከዚያ ወለል ብሎ ይታያል። ታቫሪስ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወጥቶ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ሲል ካየሁ፣ አንተ እንደሆንክ አውቃለሁ። ለኔ ባትደውልም ይበቃኛል። ድምፅህን እሱ ሲሰማው አያለሁ።

እናትህ፣
ቨርነል ቶሊቨር