በሦስተኛው ጉድጓድ የሚጠበቅ ወሬ

አዋሽ፣ ጥር 12 ቀን 1968 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ልጆቹስ? ጎረቤቱስ? ያ ተዋጊ በሬያችንስ አደብ ገዛ? የእኔን እንደ ልማዳችን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ስል እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለሁም እትዬ። ሰው በሞላበት ባቡር ጣቢያ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ነኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ዱብቲ ጥጥ እርሻው ውስጥ የቦይ ካርታ ስስል ሰባት ዓመቴ ነው። አምና መሬቱ የመንግሥት ሆነ ሲባል ብዙ አፋሮች ጠመንጃቸውን ይዘው በረሃ ገቡ። አንዱ ያዮ ነው፤ ቦይ ስንለካ ስድስት ዓመት ሙሉ የመለኪያውን ገመድ በዚያኛው ጫፍ ይዞልኝ የኖረ ሰው። ወባ ሲጥለኝ የፍየል ወተት ይዞ የሚመላለሰውም እሱ ነበር።

ከደጋ የመጣው ሻምበል ሽፍቶቹ እንዴት እንደተደራጁ አልገባ አለው። እሱ አውራጃና ወረዳ ይፈልጋል። እነሱ ግን አገሩን የከፈሉት በውሃ ነው፤ አራት ጉድጓድ፣ አራት ክፍል፣ በየጉድጓዱ የዚያው ጎሳ ሽማግሌና አንድ የጦር መሪ። ስልክ የለ፣ ወረቀት የለ። ሁሉን የሚያያይዘው ዳጉ ነው። ሁለት አፋር መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ይሉና ያዩትንና የሰሙትን አንድ በአንድ ይነጋገራሉ፤ ዳጉ ማለት ይኸው ነው። የገደለ የደም ካሳ ይከፍላል፣ ይታረቃል። በዳጉ የዋሸ ግን ከሰው አይቆጠርም። ይህን ሁሉ የነገረኝ ያዮ ነው። ሻምበሉ ሲያስጠራኝ ፈራሁና አራቱንም ጉድጓዶች ካርታ ላይ አስቀመጥኩለት። ጀግና ወንድም አለኝ ብለሽ ከሆነ ተሳስተሻል።

ወታደሮቹ ወደ ሦስተኛው ጉድጓድ ሊወጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ያዮን ቦዩ ዳር አገኘሁት። ለክፍሉ ወሬ ሊለቅም መጥቷል። እንደ ድሮው አረፍ አለና ምን አየህ፣ ምን ሰማህ አለኝ። «ሰላም ነው፣ ሁሉም ደህና» አልኩት። እትዬ ትሙት፣ አስቤ አልዋሸሁም። እኛ ቤት በሽተኛ እያጣጣረ እንኳ እንዴት ናችሁ ላለን «ደህና፣ ይመስገን» አይደል የምንለው? አፌ ቀደመኝ። ላርመው ስል ደግሞ ፍርሃቱ መጣና ዝም አልኩ። እሱ ቃሌን እንዳለ ተሸክሞ ሄደ። ጉድጓዱ አጠገብ የነበሩት ሴቶችና ልጆች ሰላም ነው ተብለው ሳይሸሹ ቀሩ።

ወታደሮቹ በአምስተኛው ቀን ተመለሱ። ሻምበሉ እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ። ስንት ሰው እንደሞተ አልጠየቅሁም።

ከዚያ ወዲህ ወተት የምታመጣልኝ መዲና፣ ሳታወራኝ የማትሄደዋ፣ ዕቃውን አስቀምጣ ፊቷን ታዞር ጀመር። በዱብቲ ምን አየህ የሚለኝ አፋር ጠፋ። ዛቻ የለ፣ ስድብ የለ። ቢደበድቡኝ በተሻለኝ። ሲብስብኝ ዝውውር ጠይቄ በጭነት መኪና ሁለት ቀን ተጉዤ እዚህ ገባሁ። ጣቢያው ደጃፍ ሰሌን የሚሸጥ፣ በዓይኔ አይቼው የማላውቅ አፋር ሽማግሌ አለ። ሰላም ስለው ቀና ብሎ አየኝና ፊቱን አዞረ። ወሬዬ በእግሩ ሄዶ መኪናዬን ቀድሞታል።

ያው ሽማግሌ ትናንት ላረፍኩበት ሆቴል ባለቤት ለሰኢዳ መልእክት ነገራት። ሰኢዳ የሐርቡ ሴት ናት፤ አፋርኛውን ታንበለብለዋለች። መልእክቱ የያዮ ነው። ሚስቱ ከዚያ ጉድጓድ አልተመለሰችም። መጥቼ እዚያው ጉድጓድ አፋፍ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ተቀምጬ፣ ያየሁትን፣ የሰማሁትንና ያደረግሁትን አንድ ሳላስቀር እንድናገር ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚያደርጉኝ አልተናገረም። ሰኢዳ፣ ወላሂ አትሂድ፣ ባቡርህን ተሳፍረህ አገርህ ግባ ትለኛለች። የባቡር ቲኬቴን ለሌላ ሰው ሰጥቼዋለሁ። ነገ ወደ ታች፣ ወደ ዱብቲ የሚወርድ መኪና አለ።

ከመሄዴ በፊት ግን አንቺንም ልጠይቅሽ። አባባ ያረፈ ጊዜ ስምንት ወር ሙሉ «አባባ ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሃል» እያልሽ ጻፍሽልኝ። በሰው አገር ብቻውን መርዶ አይስማ ብለሽ ነው፤ አልቀየምኩሽም። እማዬ ደግሞ ደብዳቤሽ ሊያልቅ ሲል «አጎበርህን ሳትዘረጋ አትተኛ በዪው» ሳትል አታሳልፍሽም ነበር። ባለፉት ሦስት ደብዳቤዎችሽ ውስጥ አጎበሩ የለም። «እማዬ ደህና ናት» ብቻ ነው ያለው።

ምን አየሽ፣ ምን ሰማሽ እትዬ? ጻፊልኝ። ሰኢዳ ትቀበልልኛለች፤ ከተመለስኩ አነበዋለሁ።

ልጆችሽን ያሳድግልሽ። የዘራሽውን ለመብላት ያብቃሽ። ከክፉ ወሬ ይሰውርሽ እንዳልል፣ ወሬው ከአንቺ ዘንድ ነው።

ዛሬ ጠዋት ጸጉሬን ተላጨሁ። ሰኢዳ ምነው ብትለኝ ለሙቀቱ ነው አልኳት። ይቺን አንዷን ውሸት ይቅር በዪኝ፤ ከአንቺ አፍ ሳልሰማው ለሌላ ሰው መናገር አቃተኝ።

አዝለሽ ያሳደግሽው
ታናሽ ወንድምሽ